ሰባት ቤት ልቆጥር ዲክሲስ ደርሼ መጣሁ

እኔ መንገድ የምወድ ሴት አይደለሁም። ከመካኒሳ መርካቶ ለመሄድ እንኳ ሦስት ቀን አስባለሁ። አሩሲን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማታዩ ሰዎች ነው የምጽፈው፤ እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ከእናንተው አንዷ ነበርኩ። ያስኬደኝም ሽርሽር አይደለም። የልጄ ነገር ነው።

ልጄ ማህሌት ገመቹ የሚባል ልጅ ወደደች። ጨዋ ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ ሲበላ አፉ አይጮኽም። ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ተቀምጠው እንደ ወጉ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ደረጀ በጣቱ እየቆጠረ ያዳምጥ ነበር። በአባቱ በኩል በሰላም አለፈ። በእናቱ በኩል ሲደርሱ አንዱ ሽማግሌ ኮራ ብለው፣ «የእናቱ እናት ወይዘሮ ብርቄ ጥሩነህ ይባላሉ። የአሩሲ ዲክሲስ ናቸው፤ የእንደራሴው የግራዝማች ጥሩነህ ልጅ» አሉ።

የጋሼ ደረጀ ጣት አየር ላይ ቀረች። ግራዝማች ጥሩነህ የእኛ አያት ናቸው፤ የአባታችን አባት።

ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ እኛ ግን በኅዳር ሰማን። አያታችን በንጉሡ ዘመን አሰላ ላይ ስመ ጥር ጠበቃ ነበሩ። በኋላም ሕዝብ መርጧቸው ምክር ቤት ገቡ። ካባ ለብሰው የተነሡት ፎቶ አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። «ዲክሲስ ላይ ሁለተኛ ቤት ነበራቸው» የሚል ሹክሹክታ በልጅነታችን ሰምተናል፤ ከዚያ ቤት ልጅ አለ ሲባል ግን አልሰማንም። ወይዘሮ ብርቄ ልጃቸው ከሆኑ የአባቴ እኅት ናቸው፤ ማህሌትና ገመቹም ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሠርግም የለም።

«በደም ከሆነ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላጋባም» አለ ጋሼ ደረጀ። «ካልሆነ ደግሞ ከራሳቸው ከሴትዮዋ አፍ የወጣ፣ የተፈረመ ወረቀት ይምጣልኝ።»

ማህሌት አላለቀሰችም፤ ቢያለቅስ የሚሻል ፊት ነበር። «እማዬ፣ ዘመዴ ከሆነ አላገባውም። ሌላም ግን አላገባም» አለችኝ። ገመቹ ለአያቱ ስልክ ልደውል ቢል ከለከልኩት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይጠየቅም። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ወረቀት አምጡ ሲባል የሚነሣው የእኔ እግር ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ከቃሊቲ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሞጆ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ አዳማ ላይ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ። አዋሽን ተሻግረን፣ ዴራን አልፈን ሽቅብ መውጣት ስንጀምር አየሩ ተለወጠ፤ መስኮት የከፈተ ሁሉ ዘጋ። ግራና ቀኝ ስንዴና ገብሱ እስከ ሰማይ ጥግ ድረስ ቢጫ ሆኗል። እኛ ሰፈር ውኃ በጠፋ ቀን ከሚሰለፈው ጄሪካን በቀር ይህን ያህል ቢጫ ነገር አይቼ አላውቅም። ዐይኔ እየተከደነ እየተገለጠ ስለነበር የቱን እንዳየሁ፣ የቱን እንዳለምኩ አሁንም አልለየውም። አንድ ጊዜ በበቅሎ የሚሄድ ካባ የለበሰ ሰው በገብሱ መሀል ያየሁ መሰለኝ።

ከፊታችን አንድ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ይንፏቀቃል። ሾፌራችን ጡሩምባ ቢነፋ፣ ቢሳደብ፣ ወይ ፍንክች። ልንቀድመው ጠርዝ ይዘን ስንወጣ ጎማችን ፈነዳ። እያነከስን ኢተያ ደረስን። ጎሚስታው ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ቆሜ ሲያየኝ «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ የራሱን በርጩማ ሰጠኝ፣ ከኪሱም ቆሎ ዘግኖ መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። እጁ ዘይት በዘይት ነበር። በላሁት።

«ወዴት ነዎት?»

«አሰላ።»

«ለሠርግ ነው ለለቅሶ?»

«እኔም እሱን ላጣራ ነው የምሄደው» አልኩት። ሳቀ። ምክንያቱን ስነግረው ግን ሳቁን አቁሞ፣ «እንግዲያው አላህ ወደ ሠርጉ ያድርገው» አለና ወደ ጎማው ዞረ። አዲስ አበባ ብሆን ለጎማ ሠሪ የቤቴን ገመና አልናገርም ነበር።

አሰላ የደረስነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። የጭላሎ ተራራ ብርድ እንደዚያ ይሆናል ብዬ መች አሰብኩ! ያደረግሁት ክፍት ጫማ ነበር። የያዝኩት ፔንሲዮን ባለቤት እግሬን አይታ፣ «ኧረ እትዬ፣ በዚህ እግር ሊያድሩ ነው?» አለችና የባሏን የሱፍ ካልሲ አመጣችልኝ። «በሞቴ፣ ይልበሱት፣ ታጥቧል።» ካልሲው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። የገብስ ገንፎ በቅቤ አበላችኝ። ግራዝማች ጥሩነህን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብዬ ስጠይቃት ትንሽ አሰበችና፣ «ሀጂ ቃሲም ናቸዋ! ማመልከቻ ጸሐፊው። ጥንት የእሳቸው አስተርጓሚ ነበሩ ይባላል» አለች።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት ከተማው አልነበረም። ጉም ውጦት የጋሪ ፈረሶች ኮቴ ብቻ ይሰማል፤ ፈረሱ አፍንጫዬ ሥር ሲደርስ ነው የሚታየው። እኛ ጋ ጠዋት የሚሰማው የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ነው። እዚህ ሰውም ፈረስም ቀስ ይላል። የሰው እንቅልፍ ውስጥ የገባሁ ይመስለኝ ነበር፤ እንዳልቀሰቅሰው ብዬ እኔም በቀስታ ሄድኩ።

ሀጂ ቃሲም ግቢያቸው ውስጥ በካፖርት ተጠቅልለው ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው አለቀቁኝም።

«የግራዝማች የልጅ ልጅ! ልጄ፣ እኔ እኮ የእሳቸው አፍ ነበርኩ። እሳቸው ባማርኛ ሲናገሩ ለገበሬው ባፋን ኦሮሞ እደግማለሁ፤ ገበሬው ሲናገር ለዳኛው ባማርኛ እደግማለሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉኝ ነበር። አንዲት ቃል ከሳትኩ ጆሮዬን ነው የሚይዙት።»

ትኩስ ወተትና ዳቦ ቀረበ። እሳቸው ግን ከዳቦው ይልቅ ወሬውን ያዙ። ግራዝማች እንደራሴ ለመሆን ሲወዳደሩ ከሲሬ እስከ ዲክሲስ በበቅሎ እንዴት እንደዞሩ፣ ገበያ ለገበያ ሲናገሩ እሳቸው ከበቅሎዋ ሥር ቆመው ሲያስተረጉሙ ጉሮሯቸው እንዴት እንደተዘጋ አወሩልኝ።

«ምክር ቤት ገብተው ይተኙ ነበር ይባላል» አልኳቸው ላስቃቸው ብዬ።

«ይተኙ ነበር እንጂ! ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ በዐይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ግን የማደጎ ልጅ ነገር ተነሣ። አንዱ እንደራሴ ‹ማደጎ ከሆድ ልጅ እንዴት ይስተካከላል?› አለ። ይሄኔ ግራዝማች ነቁ። ተነሡና ‹እኔ በመጣሁበት አገር በጉዲፈቻ የመጣን ልጅ የእኔ አይደለህም ያለ ሰው ከሰው አይቆጠርም› አሉ። ተቀመጡ። ተመልሰው ተኙ።»

ጉዲፈቻ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው የሌላውን ልጅ በሽማግሌ ፊት ተቀብሎ የራሱ የሚያደርግበት ወግ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁን ባዕድ ነህ ማለት ነውር ነው።

«ሀጂ፣ ወይዘሮ ብርቄ እንግዲህ...» አልኩ።

እጃቸውን አነሡ። «አትጠይቂኝ። ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ሁላችንንም አማሉን፤ የእሳቸው ናትም፣ አይደለችምም ብለን ለማንም ላንናገር። ከዚያ ቀን ሰው ቆሞ የሚሄድ እኔ ብቻ ነኝ። መሐላውን የምትፈታልኝ ራሷ ብርቄ ናት።»

አላሉም፣ ግን አሉ። በደስታ ልጮኽ ምንም አልቀረኝ፤ ማህሌቴ ተረፈች። ወዲያው ግን የማይናገሩትን ነገር ከሰው አፍ በመንጠቄ አፈርኩ። ደግሞስ ለጋሼ ደረጀ ዝምታ አስፈርሜ ልወስድለት ነው?

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ ሀጂ። «በዚህ ዕድሜዬ መሐላ ይዤ መቀበር አልፈልግም።»

ሦስተኛው ቀን

ሀጂን የዲክሲስ ሚኒባስ ጋቢና አስቀመጥናቸው፣ እኔ ከኋላ ተጨናነቅሁ። መንገዱ ይወጣል፣ ይጠመዘዛል፣ ጉም ውስጥ ይገባል፣ ከጉም ይወጣል። በወጣን ቁጥር ሌላ የገብስ ማሳ፣ ሌላ ክምር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የማላውቃት ናት፤ ትከሻዋ ላይ ተኝቼ ስነቃ ነጠላዋን አልብሳኛለች። ይቅርታ ስላት «ምን አለበት? ዲክሲስ ገና ነው፣ ተኚ» አለችኝ። እኔም ታዝዤ ተኛሁ። በእንቅልፌ ግራዝማች ምክር ቤት ውስጥ ተኝተው አየሁ፤ ላስነሣቸው እልና ምን ብዬ እንደምጠራቸው ይጠፋኛል።

የወይዘሮ ብርቄ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሰባ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ሀጂን ሲያዩ «ኮታ፣ ገላ! ግቡ!» ብለው በሩን ወለል አደረጉ። ሀጂ እኔን አሳይተው «የአሰላው ቤት የደምሴ ልጅ ናት» አሏቸው። ደምሴ አባቴ ነው።

ሴትዮዋ ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን፣ ዐይኔን፣ ጉንጬን ሳሙኝ። «የወንድሜ ልጅ» አሉ። «የወንድሜ ልጅ መጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ከእናንተ አንድ ሰው ይመጣል ብዬ በር በሩን አያለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን።»

አልቅሰው አስለቀሱኝ። እኔ የመጣሁት ግን ዘመዴ አይደሉም የሚል ወረቀት ላስፈርማቸው ነው። ወረቀቱና እስክርቢቶው ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፤ ቦርሳዬን እግሬ ሥር ገፋሁት።

ጩኮ አቀረቡ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፤ በአናቱም እርጎ። «አፈር ስሆን ብዪ» እያሉ አጎረሱኝ። ስለ አያቴ ሲያወሩ ልጅ ይሆናሉ። ፊደል ያስቆጠሯቸው ግራዝማች ናቸው። ምክር ቤቱ ሲዘጋ ዲክሲስ መጥተው፣ ወይዘሮ ብርቄንና እናታቸውን ጫልቱን አስቀምጠው፣ እንደራሴዎቹ የተናገሩትን ሁሉ ድምፅ እየለወጡ ይደግሙላቸው ነበር። እኛ ቤት ግራዝማች ሲነሡ ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ድምፅ ይለውጡ ነበር ሲባል የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ቀናሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

«አፍንጫዬን አየሽው?» አሉኝ። «የእሳቸው ነው ይላሉ።»

ሀጂ ቃሲም መሬት መሬት አዩ። እኔ ፎቶውን አሰብኩ፤ የግራዝማች አፍንጫ እንደ ጋሼ ደረጀ ጎራዳ ነው። የወይዘሮ ብርቄ ደግሞ ሰልካካ። «ይመስላል» አልኩ። ጉዳዬን ሳልናገር መሸ፣ በራሳቸው አልጋ ላይ አስተኙኝ።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ግቢው ውርጭ መትቶት ነጭ ነበር። ወይዘሮ ብርቄ አጥሩ ሥር ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ አጎዛ አንጥፈው ጠሩኝ። ሀጂ ጎናቸው ተቀምጠዋል።

«ገመቹ የማንን ልጅ እንደሚያገባ ልጄ ነግራኛለች» አሉ። «ሽማግሌዎቹ መልስ አጥተው መመለሳቸውንም ሰምቻለሁ። ለምን እንደመጣሽ ትናንት በር ላይ ስትቆሚ ገብቶኛል። እስከ ዛሬ ልዋል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንድ ቀን አክስት ልሁን ብዬ።»

አቀረቀርኩ።

«ዐሥር ዓመቴ ላይ አንዲት ጎረቤት ተጣልታኝ ልጃቸው አይደለሽም አለችኝ። ማታውኑ እሳቸውን ጠየቅኋቸው። ‹ጥሩነህ ጠበቃ ነው፤ የማያሸንፈውን ነገር አይዝም። አንቺን ይዤሻለሁ› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠይቄ አላውቅም። አሁን አንቺ መልሽልኝ። አንቺ የሆድ ልጃቸው ልጅ ነሽ። ልጃቸው ነኝ፣ አይደለሁም?»

አይደሉም ብል የመጣሁበት ይሆናል። ነዎት ካልኩ ልጄን ምን ልላት ነው? ማህሌት ስልኳን ይዛ መኝታ ቤቷ ስትጠብቅ ታየችኝ። ሀጂ ቃሲም ዐይናቸውን ጨፍነዋል። የወይዘሮ ብርቄን ጉልበት ያዝኩ።

«ነዎት» አልኩ። «ነዎት፣ አክስቴ። አያቴ ለእርስዎ የሆኑትን ያህል ለእኛ አልሆኑም።»

በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና ወደ ሀጂ ዞሩ። «በቃኝ። ከእሳቸው ደም አንድ ሰው አለኝ። ሀጂ፣ ፈትቼዎታለሁ፤ ይናገሩ። ልጆቹ ይጋቡ።»

ሀጂ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥለው ባማርኛ፣ እንደ ጥንቱ ሁለቴ ተናገሩት። ጉታ የሚባል ጢሰኛ ነበር፤ ግራዝማች በመሬት ክርክር ጠበቃው ነበሩ። ክርክሩ ላይ እያለ ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። ጫልቱ ልጅ አልነበራትም። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ሕፃኗ ቅቤ ተቀባች፣ ተመረቀች፣ ግራዝማች ተቀበሏት። ጉታ ወደ ባሌ ሄዶ በዚያው ቀረ። ሀጂ ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ድካም ቀለል ያለ መሰለኝ።

«በእኛ ወግ ከሄድን እኮ ልጆቹ አሁንም ዘመድ ናቸው» አሉ ሀጂ። «አንቺ ካልፈታሻቸው።»

«ፈታሁ አልኩ እኮ!» አሉ ወይዘሮ ብርቄ ቆጣ ብለው። «አምጪ ወረቀትሽን።»

እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ። ከግራዝማች ጥሩነህ አብራክ አልተወለድኩም፤ የወለደኝ ጉታ ነው፤ የልጅ ልጄ ገመቹና ማህሌት በደም አይገናኙም፤ ይህን የምናገረው ማንም ሳያስገድደኝ ነው። አነበብኩላቸው። ሀጂ በምስክርነት ፈረሙ። ወይዘሮ ብርቄ እስክርቢቶውን ተቀበሉኝ፣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው ፊደል በፊደል በቀስታ ጻፉ። አየሁት። «ብርቄ ጥሩነህ» ይላል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ ከላይ ያለውና ከታች ያለው አይስማማም ብዬ የምመልስ ሴት ነኝ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበትና አጠፍኩት።

ስንለያይ ወይዘሮ ብርቄ ለማህሌት ጩኮ በቅል ሞሉልኝ። ለእኔ ደግሞ ወፍራም ጋቢ አለበሱኝ። ሚኒባሱ እስኪነሣ ድረስ መስኮቱን ይዘው ቆሙ።

ከተመለስኩ በኋላ

ለማህሌት ያን ማታ ነገርኳት። የዚያን ጊዜ አለቀሰች። እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሳሎናችን ተቀመጡ። ጋሼ ደረጀ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፤ አብራኩን፣ ጉታን፣ የደሙን ነገር ሁሉ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አየው። እኔን ቀና ብሎ አየኝ።

«ፊርማውስ? ማን ፈረመ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ጋሼ ደረጀ ወረቀቱን በአራት አጥፎ የደረት ኪሱ ከተተው።

«አክስታችን» አለ። «አክስታችን ናቸው የፈረሙት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ የሠርጉን ቀን ቆረጡ።